ዳታ በቀን ሂሳብ የምታስጭኑ ተጠንቀቁ

ትናንት ማታ ነው የገባኝ። ንዴቱ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። የትኛው ዕቃ ለየትኛው መኪና እንደሚሆን፣ በምን እንደሚተካ፣ ማን እንደሚያስመጣው ኒዮፎርጄ የሚባለው ግራፍ ዳታቤዝ (ዕቃዎችን ከነግንኙነታቸው የሚያስቀምጥ የመረጃ ቋት) ላይ የሚጭንልኝ ድርጅት ቀጠርኩ። ታውቋቸዋላችሁ። የመስታወት ቢሮ፣ ማኪያቶ፣ «ምንም አያስቡ ጋሼ»። ሂሳቡ በቀን 6,000 ብር። ፋይሉ 900,000 መስመር ሲኤስቪ፣ ማለትም ተራ የጽሑፍ ሰንጠረዥ።

የመጀመሪያው ቀን በረረ። ከዚያ መጎተት ጀመረ። ስደውል «ዳታው ከባድ ነው» ይሉኛል። በአምስተኛው ቀን «ሰርቨሩ አልቻለም፣ ትልቅ ይከራዩ» አሉ። ተከራየሁ። ለውጥ የለም። 11 ቀን፣ 66,000 ብር!

ትናንት ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረችው የእህቴ ልጅ መጣች። «እስቲ ልየው አጎቴ» ብላ «ሾው ኢንዴክስስ» ብላ ጻፈች፤ ያሉትን ኢንዴክሶች፣ ማለትም የሚፈለገውን ቶሎ የሚያስገኙ ማውጫዎችን፣ አሳየኝ ማለት ነው። ሁለት መስመር ብቻ ወጣ። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «እነዚህ ዳታቤዙ ሲፈጠር አብረው የሚመጡ ናቸው። እነሱ አንድም አልሠሩም» አለችኝ። ክው አልኩ። ለካ «መርጅ» የሚለው ትእዛዛቸው ለእያንዳንዱ መስመር ዕቃው ቀድሞ ገብቶ እንደሆነ ለማየት የገባውን ሁሉ እንደ አዲስ ሲያገላብጥ ነው የከረመው። ዕቃው በበዛ ቁጥር የሚብስበትም ለዚህ ነው።

ሞኝነቴ ያንገበግበኛል። እኔ ሱቅ ቁጥር ያልተለጠፈበት ዕቃ መደርደሪያ አይወጣም። ያለዚያ ለአንድ ብሎን ሱቁን ሙሉ ማራገፍ ነው። ይህን እያወቅኩ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም።

ልጅቷ ባዶ ዳታቤዝ ከፈተች። በዕቃው፣ በመኪናውና በአስመጪው መለያ ቁጥር ላይ አስቀድማ የዩኒክነስ ኮንስትሬንት (አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ) ፈጠረች፤ ኢንዴክሱ ከእሱ ጋር ነው የሚመጣው። ከዚያ ሰርቨሩ ላይ የተዉትን ያንኑ የእነሱን ኮድ አስኬደች። ባለቤቴ ቡና እያፈላች ነበር። አቦሉ ሳይቀዳ ጭኖ ጨረሰ።

ዛሬ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጋ ደወልኩ። «ኢንዴክስ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? እርስዎ ብሎንዎን ይሽጡ» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

በቀን አትክፈሉ፤ በሥራው ተዋዋሉ። ጭነቱ ሳይጀመር ኢንዴክሱን በዓይናችሁ እዩ። ዳታቤዙ ባዶ፣ ፋይሉ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ኒዮፎርጄ አድሚን ኢምፖርት የሚባል የጅምላ መጫኛ አለ። ዳታቤዙ ቆሞ በአንድ ጊዜ ይጭነዋል። በ11 ቀን ውስጥ ስሙን ያነሳልኝ አልነበረም።