ለጀማሪ ጠጅ ይሻላል ወይስ ጠላ?

ቤቱ ውስጥ መጠጥ ጠምቆ ለማያውቅ ሰው ምክሬ በጠጅ እንዲጀምር ነው። ማሩን በውኃ መበጥበጥ፣ ብዙ ጊዜ 1 እጅ ማር ለ3 እጅ ውኃ፣ ከዚያ የጌሾ እንጨት ጨምሮ መታገሥ ነው። ማር ስኳሩን ይዞ ስለሚመጣ እርሾው የሚበላውን አያጣም። ክፋቱ ዋጋው ነው፤ ከተበላሸ ኪስ ይጎዳል።

ጠላ እህሉ ርካሽ፣ ሙያው ውድ ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል (የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ጎረቤቶቹን አስቀድሞ ቢነግር ደግ ነው)። ጌሾና ብቅል ይጠነሰሳል፤ እንኩሮው (በውኃ ታሽቶ ምጣድ ላይ የታመሰ ዱቄት) ተዘጋጅቶ ይጨመራል፤ ድፍድፉ ሲበስል ውኃ ተሞልቶ ይከደናል። ብቅሉ ለጣዕም ብቻ የሚገባ አይደለም፤ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም ያለው እርሱ ውስጥ ነው። ብቅል የቆጠበ ጀማሪ ደካማ ጠላ ያገኛል።

ጠርሙስ ላይ ግን ጠጅም አይታመንም። ፍላቱን ሳይጨርስ ጥብቅ አድርገው ከዘጉት ጋዙ መውጫ አጥቶ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። ጠላን ወደ ጠርሙስ ማስገባት ደግሞ አልመክርም፤ ቶሎ ስለሚኮመጥጥ እንግዳ ጠርቶ መጨረስ ይሻላል።