የሱቃችንን ስልክ መቅጃ ላስተካከለችልን ባለሙያ ምስጋና

ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ግማሹ ትእዛዝ በስልክ ነው የሚመጣው፤ ከሀዋሳ፣ ከጅማ፣ ከደሴ። «የግራ ነው ያልኩህ»፣ «አይ፣ የቀኝ ነው ያልከኝ» የሚለው ክርክር ሲሰለቸኝ የሱቁን ስልክ የሚቀዳ ትንሽ ሳጥን ገዛሁ። ሞባይል ላይ አፕ ጫን ያሉኝ ነበሩ፤ ጫንኩ፤ የራሴን ድምፅ ብቻ ቀድቶ አረፈው።

መጀመሪያ የገጠመልኝ ሰው ገመዱን ሰክቶ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ መስመሩ ሽሽሽ ይላል፤ መቅጃው ደግሞ አንዱን ጥሪ ይይዝና አምስቱን ይዘላል። ልሸጠው ስል ጎረቤቴ ይቺን ልጅ ጠቆመኝ።

እንደመጣች ቴስተሯን አወጣች። ስልኩ እንደተዘጋ ለካች፤ 48 ቮልት። አንስታ ለካች፤ 8። «ጋሼ፣ ይሄ ሳጥን ስልኩ መነሳቱን የሚያውቀው ቮልቱ ሲወርድ ነው። ከ6 በታች ካልወረደ እንዳይቀዳ ተደርጎ ነው የተተወው፤ የእናንተ ደግሞ 8 ላይ ይቆማል» አለችኝ። ታዲያ አንዳንዱን እንዴት ቀዳ? መጋዘን ያለውን ሁለተኛውን ስልክ አብሮ አስነሳችና አሳየችኝ፤ 5 ገባ። ለካስ የተቀዳው ሁለት ቦታ ያነሳነው ጥሪ ብቻ ኖሯል! ገደቡን 20 ላይ አደረገችው፣ አለቀ። ሽሽሽታው የኢንተርኔቱ ነበር፤ በዚያው የመዳብ መስመር ስለሚገባ መቅጃውን የኢንተርኔቱን ሲግናል ከስልኩ ከሚለየው ፊልተር በኋላ አዞረችው።

ይህን ጨርሳ ብትሄድም አልቀየማትም ነበር። እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠችና የሱቃችንን ልጅ «ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የተደወለውን አውጪልኝ» አለቻት። ልጅቷ 04 የሚለውን ብትከፍት ባዶ። የሳጥኑ ሰዓት የፈረንጅ ነዋ! የኛ 4 ሰዓት እሱ ጋ 10 ነው፤ ጥቅምት 12 ደግሞ ኦክቶበር 22 ስር ነው ያለው። በወረቀት ላይ «6 ደምሪ» ብላ ጽፋ ሳጥኑ ላይ ለጠፈችው፤ እስካሁን አለ። ልጅቷ ሦስት ጥሪ ራሷ ፈልጋ እስክታወጣ አልተነሳችም።

ደዋዩ ሳያውቅ መቅዳትንም ከለከለችን፤ የስልክ ንግግርን ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 ይጠብቀዋል። አሁን ስልክ ስናነሳ «ጥሪው ይቀዳል» እንላለን። ደንበኛ ይሸሻል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንዱ ብቻ «እሰይ፣ ዋጋ ስትቀንስልኝም ይቀዳልኛላ» ብሎ ሳቀብኝ።

ባለፈው ሳምንት የሀዋሳ ደንበኛችን የቪትዝ የፊት መብራት ተሳስቶ መጣልኝ አለ። ከፍተን ሰማን። «የቀኝ» ብሏል፣ የቀኝ ልከናል። ዝቅ ብሎ ግን «ፊት ለፊቱ ቆሜ እያየሁት ነው» ይላል፤ በሹፌሩ በኩል ግራ ማለት ነው፤ እኛ አላስተዋልንም። የመላኪያውን ከፈልን። ደንበኛ ልረታበት የገዛሁት ዕቃ እኔኑ አስረታኝ።

ቅሬታ ካላችሁኝ አንድ አለኝ፤ ለ4 ሰዓት ተቀጣጥረን 6 ሰዓት ነው የደረሰችው። ሰዓት የምታስተምር ሰው!

ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ጠይቃኛለች፤ ቁጥሯን ለፈለገ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ስልካችሁ በፋይበር የሚገባ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ አገጣጠሙ ይለያል።