ጣውላውን መርጬ ምስማሩን የረሳሁበት አጥር፤ ከ16 ወር በኋላ

አጥሬ አልቃሻ ነው። ይህን ስም ያወጣሁለት እኔ አይደለሁም። አምና ነሐሴ ላይ የባለቤቴ ጓደኛ ቡና ልትጠጣ መጥታ፣ ስኒዋን እንደያዘች ጓሮ ወጣችና «ውይ! አጥራችሁ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?» አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ከአንገት በላይ። እውነቷን ነበር። ከእያንዳንዱ ምስማር ሥር ጥቁርና ቡናማ መስመር ወደ ታች ወርዷል፤ ኩል ተኩላ ለቅሶ የደረሰች ሴት ፊት ይመስላል። አጥሩ ከተሠራ ገና አራት ወሩ ነበር።

የምኖረው ባህር ዳር ነው። ጣና ዳር ያለችውን ማለቴ አይደለም፤ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ቢች፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር። ከበራችን እስከ አሸዋው ስድስት ብሎክ ነው። ነፋስ ከባህሩ ሲነሳ ጠዋት የመኪናው መስታወት ላይ ስስ ነጭ ነገር ተቀምጦ ታገኛላችሁ። በጣቴ ጠርጌ ቀምሼዋለሁ። ጨው ነው። ይሄ ጨው እንግዲህ መኪና ብቻ መርጦ አይቀመጥም።

አጥሩን ያጠርነው በ2024 ሚያዝያ ላይ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ነን። 120 ጫማ ርዝመት፣ 6 ጫማ ቁመት፣ በሦስት ጎን። ከዚያ በፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ እንጨት ብቻ ሳጠና ከረምኩ። ሰው ሁሉ «ፕላስቲኩን አድርገው፣ ቪኒሉን፣ አንዴ ተክለህ ትረሳዋለህ» ይለኝ ነበር። እኔ አጥር ከእንጨት ነው ባይ ነኝ፤ ፕላስቲክ ጆግ ይሆናል እንጂ አጥር አይሆንም። ሲዳር የሚሉትን እንጨት አየሁ፣ ዋጋው አስደነገጠኝ። እግረ መንገዴን ግን አንድ ነገር አወቅሁ፤ እዚሁ ቨርጂኒያ የሚበቅለው ቀይ ሲዳር የሚሉት ዛፍ ስሙ ሲዳር ይሁን እንጂ ዘሩ የሐበሻ ጥድ ዘመድ ነው። ደስ አለኝ፣ ግን አልገዛሁትም። መጨረሻ ላይ እንዳይበሰብስ መድኃኒት በግፊት የጠጣ፣ ፓይን የሚሉትን እንጨት ገዛሁ። ለቋሚዎቹ ጫፋቸው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት እያነበብኩ፣ ዩሲ 4ኤ የሚለውን፣ ማለትም አፈር ውስጥ መቀበር የሚችለውን አንድ በአንድ መረጥኩ። በዚህ እኮራለሁ።

ለምስማሩስ? አምስት ደቂቃ። እውነት ለመናገር አምስትም አይሞላም።

ጥፋቱ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። አገር ቤት አባቴ አጥር ሲያጥሩ ቋሚው ጥድ ከሆነ ደስ ይላቸው ነበር፤ ምስጥ አይደፍረውም ይላሉ። ባህር ዛፍ ከሆነ ደግሞ መሬት የሚገባውን ጫፍ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡታል። (ባህር ዛፍ የተባለው ከባህር ማዶ ስለመጣ ነው እንጂ ባህር ዳር ስለሚችል አይደለም፤ ይሄንንም እዚህ መጥቼ ነው ያሰብኩት።) ምስማር ግን ለአባቴ ምስማር ነው። የጎበጠውን በመዶሻ አቃንተው መልሰው ይመቱታል። አዲስ አበባ ላይ ማን ስለ ጨው ይጨነቃል? እኔም ያንኑ ዓይን ይዤ ነው መደብሩ የገባሁት።

ሻጩን ጠየቅሁት፤ «ይሄ ለውጭ ይሆናል?» «አዎ፣ ጋልቫናይዝድ ነው» አለኝ። የሚያብረቀርቅ፣ የሚያምር ምስማር። አነሳሁና ከፈልኩ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ።

እስቲ አንዴ ላናግርህ፣ ሻጩ ወንድሜ። አልዋሸኸኝም፣ ጋልቫናይዝድ ነው። ግን ጋልቫናይዝድ ሁለት ዓይነት እንደሆነ ለምን አልነገርከኝም? አንዱ በኤሌክትሪክ ስስ ዚንክ የተቀባ ነው፤ ያ የሚያብረቀርቀው። ሌላው የቀለጠ ዚንክ ውስጥ ተነክሮ የወጣ ነው፤ ሻካራ፣ ደብዛዛ፣ ግራጫ፣ ለዓይን የማይስብ፣ ግን ልብሱ ወፍራም ነው። «ለውጭ» ስትለኝ የየት አገር ውጭ ነው ያልከኝ? የውቅያኖስ ውጭ እና የበረሃ ውጭ አንድ ነው? ጋሪዬ ላይ ያለውን ጣውላ እያየህ እኮ ነው! «አልጠየቅከኝም» እንደምትለኝ አውቃለሁ። የማላውቀውን እንዴት አድርጌ ልጠይቅህ?

ጣውላውን ያነሳሁት በምክንያት ነው። እስከ 2003 መጨረሻ ድረስ አሜሪካ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን እንጨት በብዛት የሚታከመው መዳብ፣ ክሮምና አርሴኒክ ባለበት መድኃኒት ነበር። አርሴኒኩ ስላስፈራ ከቤት ግንባታ ወጣ። የተተካው መድኃኒት መዳብ የበዛበት ነው። መዳብና ብረት እርጥበት ውስጥ ከተገናኙ ደግሞ የሚበላው ብረቱ ነው። ዚንኩ መጀመሪያ ያልቃል፣ ቀጥሎ ምስማሩ ራሱ። ስለዚህ የኔ ምስማር በሁለት በኩል ነው የተከበበው፤ ከውስጥ መዳቡ፣ ከውጭ ጨው። ጨው ደግሞ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ስለሚይዝ ዝናብ ባይኖርም ነገሩ አይደርቅም። ሲዳርም ብገዛ አልድንም ነበር። እሱ ውስጥ ያለው ታኒን ብረት ሲያገኝ ሰማያዊ ጥቁር ቀለም ይለቃል። ልቅሶው አይቀርም ነበር ማለት ነው፣ ያውም በውድ ዋጋ።

ይህን ሁሉ ያስረዱኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን መርከብ ላይ የጨረሱ ሽማግሌ። አጥሩን ቀና ብለው አዩና ሌላ ምንም ሳይሉ «316» አሉኝ። የቤት ቁጥር መስሎኝ ነበር። የስቴንለስ ስቲል ዓይነት ነው። የተለመደው 304 ነው፤ 316ቱ ሞሊብዲነም የሚባል ማዕድን ስለተጨመረበት ጨው ቶሎ አይበሳውም። እሳቸው አጥራቸውን ያጠሩት በእሱ ብሎን ነው። የአጥራቸው እንጨት ከኔ ያረጀና የሸበተ ነው፣ አንድ እንባ ግን የለበትም። ታዲያ ጋሼ፣ ሚያዝያ ላይ መዶሻችንን እየሰሙ የት ነበሩ? (አልጠየቅኋቸውም፤ ልጆቼ ኳስ ግቢያቸው ሲገባ ሳይቆጡ የሚመልሱ ሰው ናቸው።)

መጀመሪያ የሞከርኩት በረኪና ነው። እንዳትሞክሩት። እንጨቱ ነጣ፣ መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ግፊት ያለው የውሃ ማሽን ተከራየሁ፤ ያ ደግሞ የጣውላውን ፊት እንደ በግ ቆዳ ጸጉራም አድርጎት አረፈ። የሠራልኝ ኦክሳሊክ አሲድ ነው። በዱቄት ይሸጣል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ ጓንትና መነጽር ተደርጎ በብሩሽ ይቀባል፣ ጥቂት ቆይቶ በደንብ ይታጠባል። የዝገቱ ጥቁረት ዓይናችሁ እያየ ይለቃል። የዚያን ቀን ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ባለቤቴን ሁለት ጊዜ ጠርቻት ወጥታ አይታለች።

በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ተመልሶ አለቀሰ። ምስማሩ እዚያው እያለ ምን ይሁን?

አሁን ስሌቱን ልንገራችሁ። 240 ጣውላ አለኝ። እያንዳንዱ በሦስት አግዳሚ ላይ ሁለት ሁለት ቦታ ተመቷል። 1,440 ምስማር። በኪራይ ባመጣነው ምስማር መቺ ማሽን ሁለት ቀን ሳይሞላ ነው የጨረስነው፤ «ቷ፣ ቷ፣ ቷ» እያልን፣ እየሳቅን። መንቀሉ እንደዚያ አይደለም። ገሚሱ ራሱ ተበልቶ በጉጠት ስይዘው ይበጠሳል፣ ጉቶው እንጨቱ ውስጥ ይቀራል። ሌላ ቦታ በመሰርሰሪያ ቀድጄ፣ በተለይ ጫፉ እንዳይሰነጠቅ ተጠንቅቄ፣ የ316 ብሎን አስገባለሁ። ለብሎኑ የከፈልኩት ለምስማሩ ከከፈልኩት አምስት እጥፍ ነው። መጀመሪያውኑ ይህን ከፍዬ ቢሆን ከአጥሩ ጠቅላላ ወጪ ላይ ያን ያህል አይታወቅም ነበር፤ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በቆጠብኩት ብር አንድ ቤተሰብ ይዤ ክትፎ ቤት አልገባበትም።

የቀረው ነገር ደህና ነው። ቋሚዎቹን ጠልቀው ይግቡ ብዬ 3 ጫማ ቀብሬያቸዋለሁ፤ ከሥር ጠጠር፣ ከላይ ኮንክሪቱን ውሃ እንዲያንሸራትት አዘንብዬ። (ከመቆፈራችሁ በፊት 811 ደውሉ፤ በነጻ መጥተው የጋዝና የመብራት መስመሩን ምልክት ያደርጉላችኋል።) ክረምቱን ኖርኢስተር የሚሉት ማዕበል እየመጣ ሲገፋው ከረመ፣ አንዱም አልተንገዳገደም። ጣውላው ከመሬት 2 ኢንች ከፍ ስላለ ሥሩ አልበሰበሰም። እንክብካቤው ራሱ ቀላል ነው፤ ነፋስ ከባህር በነፈሰ ማግስት በአትክልት ማጠጫው ጎማ ጨውን በንጹህ ውሃ አለቀልቀዋለሁ፤ ልጆቹ ራሳቸው ይሻሙበታል። ቀለሙን ለመቀባት ሦስት ወር ያህል ጠብቄያለሁ፤ መድኃኒት የጠጣ ጣውላ ሲገዛ ርጥብ ነው። ውሃ ጠብ አድርጋችሁ እንጨቱ ከመጠጠው ጊዜው ደርሷል፣ ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ገና ነው። የቀባሁት ከላይ የሚለጠፈውን ቀለም ሳይሆን ውስጥ የሚሰርገውን ስቴይን ነው። ጎረቤት መንገድ ላይ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት የሚላጥ አጥር አለ፣ እሱን አይቼ ነው የወሰንኩት።

ታዲያ ቆጭቶኛል? የምትጠይቁኝ ቀን ይወስነዋል። ምስማር ስነቅል ከጠየቃችሁኝ አዎ፣ ቪኒሉን ባደረግሁት ኖሮ እላለሁ። ማታ ማታ ጓሮ ተቀምጬ እንጨቱ ፀሐይ ሲመታው የሚሸተውን ሽታ ሳሸት ግን እንኳንም አልሰማኋቸው እላለሁ። ለእንጨቱ አሥር ከአሥር እሰጠዋለሁ። ለምስማሩ ዜሮ። ለራሴ ደግሞ ባለቤቴ ትስጠኝ።

የሰሜኑና የምሥራቁ ጎን፣ ማለትም ባህሩን የሚያየው፣ አልቋል። ከተቀየሩ አምስት ወር ሆኗቸዋል፣ አንድ ጠብታ የለባቸውም። የደቡቡ 40 ጫማ ይቀራል። ባለፈው እሑድ ያቺው እንግዳ መጥታ ነበር። ሁለቱን ጎን አይታ ዝም አለች፤ ሦስተኛው ጋ ስትደርስ «ይሄኛው አሁንም አልተጽናናም?» አለችኝ። ሳጥኑ ጋራዥ ውስጥ ነው። 480 ብሎን። ቅዳሜ ካልዘነበ እጀምራለሁ።