ባለ አንድ ፓኬት ወይስ ባለ ስድስት ፓኬት ብላክጃክ?

በካዚኖው የካርታ ጨዋታ በብላክጃክ፣ ካርታ ለሚቆጥር (የወጡትን ካርታዎች እየተከታተለ የቀሩትን ለሚገምት) ሰው ባለ አንድ ፓኬቱ ጠረጴዛ ገና ሲያዩት ያጓጓል። 52 ካርታ ብቻ! ግን መጀመሪያ ክፍያውን አንብቡ። ብዙ ጊዜ 6 ለ5 ነው። 10 አስይዛችሁ ብላክጃክ (በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች 21) ቢመጣላችሁ 12 ታተርፋላችሁ፤ በ3 ለ2 ግን 15 ነበር። ብላክጃክ በአማካይ በ21 ዙር አንዴ ስለሚመጣ፣ ልዩነቱ ለካዚኖው 1.4 በመቶ ገደማ ይጨምርለታል። ጎበዝ ቆጣሪ የሚያገኘው ብልጫ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ አይዘልም። ታዲያ ምኑን ቆጠርነው?

ባለ ስድስቱ 312 ካርታ ስላለው ቆጠራው ይንዛዛል። ሆኖም 3 ለ2 የሚከፍልና አምስት ፓኬት ያህል ከታደለ በኋላ የሚበወዝ ከሆነ፣ እኔ እዚያ ነው የምቀመጠው። ግማሽ ላይ የሚበወዝ ወይም ማሽን ያለማቋረጥ የሚበውዘው ከሆነ ግን እሱንም እለፉት።