ሚፋይ ወይስ የቤት ራውተር? ሰሜን ሸዋ ላይ ሆኖ ለሚገዛ ሰው

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «150 ሜጋቢት» ለጊዜው ይርሱት። ኪስ የሚገባው ሚፋይም ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ራውተርም፣ ካት 4 የሚባለው የ4ጂ ደረጃ ከሆኑ፣ ሁለቱም ይህንኑ ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። ዕቃው ቢበዛ የሚችለው ነው እንጂ ቤትዎ የሚደርስ ፍጥነት አይደለም። የሚደርስዎትን የሚወስነው የሰፈርዎ ሲግናልና በዚያ ሰዓት ያንኑ የኔትወርክ ማማ የሚጠቀመው ሰው ብዛት ነው። እኔ ምክር ስጠየቅ መጀመሪያ የማነሣው ሁለት ነገር ነው፦ ኔትወርኩ ቤትዎ ውስጥ የት ጋ ይይዛል? መብራት ሲጠፋስ ምን ሊያደርጉ ነው?

ከዚያ በፊት ግን፣ ዋናው ተጠቃሚ እርስዎ ከሆኑ ምንም አይግዙ። የስልክዎ ሆትስፖት ለአንድ ላፕቶፕ ይበቃል። ባትሪ ይጨርሳል፣ ስልክዎን ይዘው ሲወጡም ቤት የቀረው ሰው ያለ ኢንተርኔት ይቀራል፤ ይህ ካላስቸገረዎ ገንዘብዎን ለፓኬጅ ያውሉት። ኮምፒውተር ላይ የሚሰካው ዶንግል ደግሞ ዛሬ ብዙም የሚመከር አይደለም።

ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ፣ ሚፋይ ሲሙን፣ ባትሪውንና የዋይፋይ ማሰራጫውን አንድ ላይ የያዘ ትንሽ ዕቃ ነው። ቲፒ-ሊንክ ኤም7200 ባትሪው 2000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ሲሆን አምራቹ እስከ 8 ሰዓት ይሠራል ይላል፤ በአንድ ጊዜ 10 ዕቃ ያገናኛል። የሁዋዌ ኢ5576 ባትሪ 1500 ነው። የቤት ራውተሮቹ፣ ለምሳሌ ሁዋዌ ቢ310 ወይም ቲፒ-ሊንክ ኤምአር6400፣ እስከ 32 ዕቃ ያስተናግዳሉ፣ ለዴስክቶፕና ለፕሪንተር የሚሆን የኬብል መሰኪያም አላቸው፤ ግን ባትሪ የላቸውም።

የመሣሪያ ብዛቱ ለካፌ ወይም ለትንሽ ቢሮ ካልሆነ ብዙ አያሳስብም። ትልቁ ልዩነት አንቴናው ላይ ነው። የሚፋይ አንቴና ቅርፊቱ ውስጥ የተደበቀ ትንሽ ነገር ነው። የቤት ራውተር ግን ተለቅ ያለ አንቴና አለው፤ ከላይ የጠቀስኳቸው ሁለቱም ውጫዊ አንቴና ይቀበላሉ። ደብረ ብርሃን መሐል ከተማ ከሆኑ ይህ ልዩነት ብዙም አይታወቅዎትም። ጣርማበርን ወርደው ደብረ ሲና ሲደርሱ ነው ዋጋው የሚታየው። እዚያ ገደሉ ይጋርዳል፤ ጎረቤትዎ ቪዲዮ እያየ እርስዎ መልእክት እንኳ ላይወጣልዎ ይችላል። መንዝ ውስጥ ደግሞ ሲግናሉን የሚበላው የድንጋዩ ግድግዳ ውፍረት ነው። ቆርቆሮም ቢሆን የዋዛ አይደለም።

ስለዚህ ሲግናሉን በዓይን ግምት ሳይሆን በቁጥር ይለኩት። ሁዋዌ ከሆነ ከዋይፋዩ ጋር ተገናኝተው ብራውዘር ላይ 192.168.8.1 ብለው ይግቡ፤ የሌሎቹ አድራሻ ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል። የመሣሪያው መረጃ ውስጥ «አርኤስአርፒ» (RSRP) የሚል፣ የሲግናሉን ጥንካሬ የሚያሳይ ቁጥር ያገኛሉ። ቁጥሩ ሁልጊዜ ኔጌቲቭ ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። -85 አካባቢ ከሆነ ደስ ይበልዎት፤ -100 ያሠራል፤ -115 ላይ ሲደርስ ግን መከራ ነው። ዕቃውን ከአልጋው ራስጌ አንሥተው መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጡትና ቁጥሩን እንደገና ይዩት። ወፍራም ግድግዳ ባለው ቤት ይህ ብቻ ከ10 በላይ ሊያሻሽለው ይችላል። እዚህ ላይ ሚፋይ ይመቻል፤ ገመድ ስለማይዘው ኔትወርክ የያዘበት ቦታ ያስቀምጡታል። መስኮቱም ካላዳነዎት የቀረው መፍትሔ ራውተርና ጣሪያ ላይ የሚቆም አንቴና ነው። ከአንቴናው ወደ ራውተሩ የሚመጣው ገመድ ግን አጭር ይሁን፤ በረዘመ ቁጥር ያገኙትን ሲግናል መልሶ ይበላዋል።

መብራት ሲጠፋ ራውተሩ ወዲያው ድርግም ይላል። ሚኒ ዩፒኤስ የሚባለውን ትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ ገዝተው በሶኬቱና በራውተሩ መሐል ማስገባት ይችላሉ፤ ነገር ግን ቮልቱን ሳያዩ እንዳይሰኩ። ቢ310 የሚፈልገው 12 ቮልት ነው፣ ኤምአር6400 ግን 9። መሰኪያው ቀዳዳው ውስጥ ስለገባ ብቻ «ይሠራል» ብሎ የሰካ ሰው ራውተሩን አቃጥሎ ይመጣል። የመብራት መስመር ያልደረሰበት ገጠር ላይ ደግሞ ምርጫው ቀላል ነው፦ ሚፋይ የሚሞላው በ5 ቮልት ዩኤስቢ ስለሆነ መብራትና ስልክ ቻርጅ የምናደርግበት የሶላር ሣጥን ይበቃዋል። መብራቱ ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ግን ማማውም በባትሪና በጀነሬተር ላይ ስለሚወድቅ፣ የእርስዎ ዕቃ በርቶ ኔትወርኩ ሊጠፋ እንደሚችል ይወቁ።

የሚፋይ ባትሪ የአየሩንም ጠባይ ያውቃል። በደብረ ብርሃን ብርድ ካርቶኑ ላይ የተባለውን ሰዓት አይሞላም። ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ሌት ተቀን ሶኬት ላይ ከዋለ ደግሞ ሆዱ ያብጣል። ቀንም ሌሊትም ተሰክቶ እንዲቀመጥ ከሆነ ሐሳብዎ፣ መጀመሪያውኑ የቤት ራውተር ይግዙ።

ስለ ፓኬጅ አንድ ነገር ልበል፤ ሰው «ራውተሩ ዳታ ይበላል» የሚለው በዚህ የተነሣ ነው። ስልክና ላፕቶፕ ዋይፋይ ሲያዩ «የማያልቅ ነው» ብለው ያስባሉ፤ አፕ ያድሳሉ፣ ፎቶ ይጭናሉ፣ ዊንዶውስም ዝማኔውን በጅምላ ያወርዳል። ሴቲንጉ ውስጥ ገብተው ዋይፋዩን «ሚተርድ» (ዳታው የሚቆጠር) ያድርጉት፤ በሁሉም ስልክና ኮምፒውተር ላይ ለየብቻ መደረግ አለበት። የፓስወርዱንም ነገር አደራ፤ ጀርባው ላይ ከተለጠፈው ይቀይሩት።

ሱቅ ሲሄዱ የ09ም የ07ም ሲም ይያዙ። «ወንድሜ፣ ሁለቱንም ይቀበላል?» ሲሉ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ፣ ሁሉንም» ነው፤ ስለዚህ እዚያው ሁለቱንም በየተራ ከተው ኢንተርኔት ይክፈቱ። ለአንድ ኩባንያ የተቆለፈ ዕቃ ሌላውን ሲም ካስገቡበት ኮድ ይጠይቃል። «21.6 ሜጋቢት» የሚል ካዩ 3ጂ ብቻ ስለሆነ ይተውት፣ ቢረክስም። ያገለገለ ሚፋይ ከሆነ ክዳኑን ከፍተው ባትሪውን ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ያስተኙትና በጣት ገፋ ያድርጉት፤ ከተሽከረከረ አብጧል ማለት ነው። ቤትዎ ከተማው ዳር ወይም ገደል ሥር ከሆነ ደግሞ ከመክፈልዎ በፊት «ቤቴ ወስጄ ካልያዘልኝ እመልሳለሁ» ብለው ይስማሙ፤ እሺ የማይል ሻጭ ካጋጠመዎት ሌላ ሱቅ ይሞክሩ።