ጎተራ ለሚሠራው የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ እጁ ይባረክ

ይህን ሰው ሳላመሰግነው ብቀር ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

የ2007 ሞዴል አውቶማቲክ ሀዩንዳይ ቱሳን ነው የምነዳው። ከሦስት ሳምንት በፊት የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ዳገት ስወጣ የቼክ ኢንጂን መብራት በራና ማርሹ ሦስተኛ ላይ ተቸክሎ ቀረ። ከቆመችበት ስትነሳ ነዳጅ ብረግጥም ድንጋይ እንደተጫነባት ትንፏቀቃለች። እናቴን ለክትትል ሆስፒታል የማመላልሰው በእሷ ስለሆነ እንቅልፍ አጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ የብልሽት ኮድ የሚያነብ ትንሽ ስካነር ሰክተው «ኮዱ ፒ 0700 ነው፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አልቋል» አሉኝ። ያገለገለ ካምቢዮ ከነሥራው 200,000 ብር ገደማ ተጠየቅሁ። ሶማሌ ተራ ማጠያየቅ ጀምሬ ሳለ ጎረቤቴ «ጎተራ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳያያት እንዳታስነኪያት» ብሎ ወደ እሱ ላከኝ።

እሱ ኮዱን ሲሰማ «እህቴ፣ 0700 በሽታውን አይናገርም» አለኝ። የካምቢዮው ኮምፒውተር የሞተሩን ኮምፒውተር «እኔ ዘንድ ችግር አለ፣ መብራቱን አብራልኝ» የሚልበት ኮድ ነው፤ በሽታው የተመዘገበው ካምቢዮው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። የእሱ ስካነር እዚያ ድረስ ይገባል። ፒ 0717 አገኘ፦ ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው የሚገባውን የዙር ፍጥነት የሚለካው ሴንሰር ምልክት አይልክም። ኮምፒውተሩ ያንን ፍጥነት ሲያጣ ካምቢዮው እንዳይጎዳ ሦስተኛ ላይ ይቆልፈዋል።

እኔን የገረመኝ እዚህም አለመቸኮሉ ነው። ሴንሰር ግዢ አላለኝም። ማርሹን ኒውትራል ላይ አድርጎ ሞተሩን አስነሳና ስክሪኑን አሳየኝ፤ የሞተሩ ዙር 750፣ የሴንሰሩ ዜሮ። ሁለቱ መቀራረብ ነበረባቸው። የአየር ፊልትሮውን ቤት ገለል አድርጎ ሶኬቱን በቴስተር ለካ፤ ከዚያ ሽቦውን ቀስ አድርጎ ሲያጣምመው ዜሮው ድንገት 740 ሆነ። ለካ ሶኬቱ አንገት ላይ ሽቦው ከውስጥ ተበጥሶ የያዘው ላስቲኩ ብቻ ነበር! ቆርጦ በየደው፣ ሸፈነው፣ ኮዱን አጠፋ። የካምቢዮውን ዘይት አውጥቶ ቀለሙን አየ፣ አሸተተ፤ «አልተቃጠለም፣ ካምቢዮሽ ጤነኛ ነው» አለኝ። እስከ ሳሪስ አብረን ስንነዳ አራቱም ማርሾች በየተራቸው ገቡ። እስከ ዛሬ መብራቱ አልተመለሰም።

የተቀበለኝ 2,500 ብር ነው። ልጨምርለት ብል እምቢ አለ።

የሌላ ሰው መኪና ላይ በእርግጥ ካምቢዮው ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ግን ፒ 0700 ብቻ አይተው ካምቢዮ ቀይሩ ካሏችሁ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት «የካምቢዮው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ኮድ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄው ስልኩን እልክላችኋለሁ። ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛበት ጠዋት በጊዜ ሂዱ።