ዋጋውን ትቼ ሊትሩን፦ የነዳጅ ፍጆታ ማንበቢያ ከወራት በኋላ

ሾፌሮች ሲገናኙ የማይቀር ወሬ አለ። "ድሮ በዚህ ገንዘብ ታንኩ ጢም ይል ነበር" ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ ከዚያም የረከሰ ዘመን ያስታውሳል። ይህን ወሬ እኔም እወደዋለሁ። ግን ቤንዚን በጨመረ ቁጥር ከማማረር ሌላ በእጄ ላይ ያለ ነገር ፈለግሁ። የነዳጅ ፍጆታ የምታነበውን ትንሽ ዕቃ የገዛሁት ለዚህ ነው። አሁን ወራት ተጠቅሜባታለሁ፤ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ዕቃዋ መዳፍ ውስጥ ትገባለች። ከመሪው በታች ባለው ባለ16 ፒን ሶኬት ላይ ትሰካለች፤ ከዚያ በብሉቱዝ ስልክ ላይ ከተጫነ አፕ ጋር ትገናኛለች። ሶኬቱ ኦቢዲ 2 ይባላል። የሞተር መብራት ሲበራ መካኒኮች ኮድ የሚያነቡበት እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ለአዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። መኪናችሁ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ሶኬቱ መኖሩን ሳታዩ አትግዙ።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይታወቅ። ዕቃዋ ቤንዚኑን በቀጥታ አትለካም። በእኔ መኪና ላይ የምታነበው ሞተሩ የሚስበውን አየር ነው። 1 ግራም ቤንዚን በወጉ ለመቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል፤ አፑ ከዚህ ተነስቶ ሊትሩን ያሰላል። ስለዚህ የምታዩት ግምት ነው። ማስተካከያው ቀላል ነው። ታንኩን ሙሉ ትሞላላችሁ፣ ትነዳላችሁ፣ እንደገና ሙሉ ትሞላላችሁ። ማደያው ላይ የገባውን ሊትር ለተነዳው ኪሎሜትር አካፍላችሁ በ100 ታባዛላችሁ፤ ለ100 ኪሎሜትር የፈጀው ሊትር ይወጣል። የእኔ አፕ ከእውነቱ አሳንሶ ነበር የሚያሳየው። ማስተካከያ ቁጥሩን ካስገባሁ በኋላ ከማደያው ብዙም አይራራቅም።

በጣም ያስደነቀኝ ቁልቁለት ላይ ያየሁት ነው። ብዙ ሾፌር ቁልቁለት ሲያገኝ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ፎሌ (ኒውትራል) ያደርገዋል። ማርሽ ውስጥ እንዳለሁ እግሬን ከቤንዚን መርገጫው ሳነሳ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ወርዶ 0.0 ላይ ይቆማል። ጎማው ራሱ ሞተሩን ስለሚያዞረው ነዳጅ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ይዘጋሉ። ፎሌ ሳደርገው ግን ቁጥሩ ወዲያው ይነሳል፤ ሞተሩ እንዳይጠፋ በራሱ ነዳጅ መዞር አለበትና። ረጅም ቁልቁለት ላይ በማርሽ መውረድ ነዳጅም ያተርፋል፣ ፍሬንም ያሳርፋል፣ ለደህንነትም ይሻላል።

ሌላው ሚኒሞ ነው፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲዞር ማለት ነው። ቆሞ የሚጠብቅ መኪና ምንም የማይበላ ይመስላል። የእኔ በሰዓት 0.8 ሊትር አካባቢ ያሳያል፤ ኤሲ ሲከፈት ደግሞ ይጨምራል። ሰው ስጠብቅ ሞተር ማጥፋት የለመድኩት ይህን ካየሁ ወዲህ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ የሚደረግ አጭር ጉዞ ብዙ ይበላል፤ ስለዚህ ጉዳዮቼን በአንድ መውጫ እጨርሳለሁ። የጎማ ንፋስም ቶሎ ቶሎ አያለሁ። በጥቅሉ ለ100 ኪሎሜትር ከ9 ሊትር በላይ ይፈጅ የነበረው መኪና አሁን ወደ 8 ተጠግቷል። ዕቃዋ ዋጋዋን መልሳለች።

አፑ በሞላሁ ቁጥር የሊትሩን ዋጋ እንድመዘግብ ይጠይቃል። ከዚያ ሁለት መስመር ይስላል፤ አንዱ የዋጋው፣ ሌላው የፍጆታው። የዋጋው መስመር እኔን ሳይጠይቅ ይወጣል ይወርዳል። የፍጆታው ቀስ እያለ ወርዷል። ለእኔ የዕቃዋ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ዓይኔን ከማልወስነው ነገር ወደምወስነው አዞረችው።

ስለ ርካሹ ዘመን ያለንን ትዝታም በሌላ ዓይን እንዳየው አድርጋኛለች። አንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ በ1973 ከነበረበት 3 ዶላር ገደማ በወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። በ1980 ከ35 ዶላር አለፈ፤ ይህ በዛሬ የዶላር አቅም ከ100 በላይ ነው። ሐምሌ 2008 ላይ 147 ደረሰ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ከ40 በታች ወረደ። ታዲያ "ድሮ" የቱ ነው? ሁሉም ሾፌር የሚያስታውሰው መንዳት የጀመረበትን ዋጋ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ውድ ይሆንበታል። ትዝታችን ደግሞ ዋጋውን እንጂ በዘመኑ የነበረውን ደመወዝ አይመዘግብም።

2020ን ውሰዱ። ሚያዝያ ወር ላይ የአሜሪካ ድፍድፍ የወደፊት ውል (ነዳጁን ወደፊት ለመረከብ ዛሬ የሚገባ ውል) ከዜሮ በታች 37.63 ዶላር ላይ ተዘጋ። ሻጩ ለገዢው የሚከፍልበት ቀን ነበር። ግን ዓለም ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል፤ ማን ይንዳበት? መጋቢት 2022 ላይ ደግሞ በዩክሬን ጦርነት ሰበብ የዓለም ገበያ መለኪያ የሆነው ብሬንት ድፍድፍ 139 ዶላርን ነካ።

በእርግጥ ማደያ ላይ የምንከፍለው የድፍድፉን ዋጋ ብቻ አይደለም። ማጣሪያው፣ ማጓጓዣው፣ ታክሱ አለበት። ኢኮኖሚስቶች የማደያ ዋጋ ሲወጣ እንደ ሮኬት፣ ሲወርድ እንደ ላባ ነው ይላሉ። የሾፌሩ ቅሬታ እውነት አለው ማለት ነው። አፑ የድሮውን ዋጋ በዛሬው የገንዘብ አቅም አስልቶ ቢያሳይ ደስ ባለኝ፤ ይህን አያደርግም።

ጉድለቶቿ ጥቂት አይደሉም። ብሉቱዙ አልፎ አልፎ ይቋረጣል። እየነዱ ስክሪን ማየት አደገኛ ነው፤ እኔ የጉዞውን ድምር የማየው ከቆምኩ በኋላ ነው፤ የቁልቁለቱን ቁጥር ያነበበልኝም አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ነው። በጣም ርካሽ የሆኑት ቅጂዎች ከአንዳንድ መኪና ጋር አይግባቡም፤ ስለዚህ መመለስ የሚፈቅድ ሻጭ ፈልጉ። ሶኬቱ መኪናው ጠፍቶም ከባትሪ በቀጥታ ኃይል ያገኛል፤ መኪናው ለቀናት የሚቆም ከሆነ ነቅላችሁ አስቀምጧት።

በየቀኑ የሚነዳ ሰው ይግዛት እላለሁ። በወር አንዴ ለሚነዳ ግን ማስታወሻ ደብተርና የኪሎሜትር ቆጣሪው ይበቁታል።